ጨጓራና ቃር፦ የሚመላለሰውን ሕመም ከምንጩ ማከም

«ጨጓራዬ ተነሳብኝ» የሚለው አነጋገር በገጠርም በከተማም የተለመደ ነው። አነጋገሩ ሕመሙን አንዳንዴ የሚተኛ፣ አንዳንዴ የሚነሳ፣ ከሰውዬው ጋር የሚኖር አብሮ አደግ ያደርገዋል። ብዙዎችም እንዲሁ አምነው በርበሬ እየተዉ፣ ቡና እየቀነሱ፣ ሲብስባቸው ደግሞ ከመድኃኒት መደብር ኪኒን እየገዙ ዓመታትን ያሳልፋሉ። ምርመራ የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው። ምርመራ አድርገው የታዘዘላቸውን መድኃኒት እስከ መጨረሻው የሚወስዱት ደግሞ ከእነዚያም ያነሱ ናቸው።

ይሁን እንጂ «ጨጓራ» እየተባለ ከሚጠራው ሕመም ብዙው የታወቀ መነሻ አለው፤ መነሻው ከተገኘ ደግሞ ሊድን ይችላል። ከዚህ ውጭ ያለው ፈጽሞ ባይጠፋም በሥርዓት ከተያዘ ሥራ የማያስፈታ፣ እንቅልፍ የማይነሳ ሊሆን ይችላል። ዋናው ጉዳይ የትኛው የትኛው እንደሆነ ለይቶ ማወቅ ነው።

በአንድ ስም የሚጠሩ ልዩ ልዩ ሕመሞች

የሰው ጨጓራ ምግብን ለመፍጨትና ከምግብ ጋር የገቡ ተሕዋስያንን ለመግደል ኃይለኛ አሲድ ያመነጫል። ከብት ያረደ ሰው የሚያውቃቸው ሻካራው ጨጓራና ባለ ብዙ ገጹ ሽንፍላ አሲድ አያመነጩም። ከበሬ አራት የሆድ ክፍሎች የሰውን የሚመስለው አራተኛው ነው፤ አሲዱ የሚመነጨውም እዚያ ነው። የሰው ጨጓራ ይህን አሲድ ይዞ ራሱን የማይፈጨው ውስጡ ንፍጥ በሚመስል ወፍራም ልባስ ስለተሸፈነ ነው። ይህ ልባስ ሲሳሳ አሲዱ የጨጓራውን ግድግዳ ያገኘዋል።

ግድግዳው ሲቀላና ሲያብጥ የጨጓራ መቆጣት ይባላል። ጉዳቱ ጠልቆ ሥጋው ሲጎደጉድ የጨጓራ ቁስለት ይሆናል፤ ቁስለቱ ከጨጓራ ቀጥሎ ባለው የትንሹ አንጀት መጀመሪያ ላይም ይወጣል። ሁለቱም የሚሰሙት ከእምብርት በላይ፣ ከጎድን አጥንት መጋጠሚያ ሥር ባለው ቦታ ነው። ማቃጠል፣ መቆርጠም፣ የሆድ መነፋት፣ ማቅለሽለሽና ቶሎ መጥገብ ምልክቶቻቸው ናቸው።

ቃር ግን ሌላ ነው። በቃር ጊዜ ችግሩ ያለው ከጨጓራ በላይ፣ ምግብ በሚወርድበት ቱቦ ላይ ነው። አሲዱ ቦታውን ለቆ ወደ ላይ ይወጣና ደረትን ያቃጥላል፤ አንዳንዴም ጎምዛዛ ውኃ አፍ ድረስ ይመጣል። አንድ ሰው ሁለቱም ሊኖሩበት ይችላሉ፤ አያያዛቸው ግን አንድ አይደለም።

ምርመራ ተደርጎ ቁስልም ሆነ ባክቴሪያ የማይገኝባቸው፣ ግን በእውነት የሚታመሙ ሰዎችም አሉ። የእነዚህ ሰዎች ጨጓራ ከሌላው ሰው ይልቅ ለመወጠርና ለአሲድ ስሜቱ የበረታ ነው፤ ጭንቀትና የእንቅልፍ እጦትም ያባብሱታል። «ምንም የለብህም» ተብለው ሲመለሱ ግራ የሚጋቡት እነሱ ናቸው። ሕመማቸው የሐሰት አይደለም፤ የሚያስፈልጋቸው ግን በየጊዜው የሚደጋገም አንቲባዮቲክ አይደለም። የሐሞት ከረጢት ጠጠር፣ ጃርዲያና የልብ ሕመምም አንዳንድ ጊዜ ጨጓራ መስለው ይመጣሉ።

ኤች ፓይሎሪ

ለረጅም ዘመን የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከቅመም ነው ተብሎ ይታመን ነበር፤ ሐኪሞችም ይህንኑ ያስተምሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ሁለት አውስትራሊያውያን ሐኪሞች፣ ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን፣ ከሕሙማን ጨጓራ በተወሰደ ናሙና ውስጥ የተጠማዘዘ ባክቴሪያ አገኙ። በአሲድ ውስጥ ባክቴሪያ ሊኖር ይችላል ብሎ የሚያምን ጥቂት ስለነበር፣ ማርሻል በ1984 ባክቴሪያውን በውኃ በጥብጦ ራሱ ጠጣው፤ በቀናት ውስጥም ጨጓራው ተቆጣ። ሁለቱ ሰዎች በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ባክቴሪያው ዛሬ ኤች ፓይሎሪ በሚለው አጭር ስሙ በየጤና ጣቢያው ይታወቃል።

ከዓለም ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ይህን ባክቴሪያ በጨጓራው ይዞ እንደሚኖር ይገመታል፤ የንጹሕ ውኃና የመጸዳጃ አገልግሎት ባልተስፋፋባቸው አካባቢዎች ደግሞ ስርጭቱ ይበዛል። አብዛኛው ሰው የሚይዘው በልጅነቱ ነው። ባክቴሪያው ከአፍ ወደ አፍ፣ ከሰገራም በእጅ፣ በውኃና በምግብ በኩል ይተላለፋል። በአንድ ቤት ውስጥ ብዙ ሰው የሚይዘውም በዚህ ምክንያት ነው። ለሕፃን ምግብ አኝኮ ማጉረስ አንዱ መንገድ ሊሆን ይችላል።

ባክቴሪያው ከተገኘባቸው ሰዎች አብዛኞቹ ምንም ምልክት የላቸውም። ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ውስጥ ቁስለት ይይዛቸዋል፤ ከ100 ሰው ደግሞ አንድ ወይም ሁለቱ ወደ ጨጓራ ካንሰር ሊደርሱ ይችላሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል እ.ኤ.አ. በ1994 ባክቴሪያውን ካንሰር አምጪ ከሆኑት ነገሮች መድቦታል። ቁጥሩ ትንሽ ቢመስልም ሕመሙ ያለበት ሰው ሳይመረመር መኖር የሌለበት ለዚህ ነው።

ሕክምናው በአንድ መድኃኒት አይሆንም። በብዛት የሚታዘዘው አሲድ የሚቀንስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ኦሜፕራዞል፣ ከሁለት አንቲባዮቲኮች ጋር ሲሆን፣ አብዛኛውን ጊዜ ለ14 ቀናት ይወሰዳል። አንቲባዮቲኮቹ አሞክሲሲሊንና ክላሪትሮማይሲን ሊሆኑ ይችላሉ፤ ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ይህንኑ አስቀድሞ መናገር አለበት፣ በምትኩ ሌላ ይታዘዝለታል። መድኃኒቶቹ አፍን ይመርራሉ፤ ተቅማጥም ሊያመጡ ይችላሉ። ሜትሮኒዳዞል የታዘዘለት ሰው መድኃኒቱን እስኪጨርስና ከዚያም በኋላ ለጥቂት ቀናት አረቄም ሆነ ጠላ መቅመስ የለበትም።

ሕክምናው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ሰውዬው በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ይሻለዋል፤ አፉም መርሮታል፤ ስለዚህ ያቋርጣል። የተረፈውን ኪኒን «ለሌላ ጊዜ» ያስቀምጣል ወይም ለታመመ ጎረቤት ይሰጣል። በጨጓራው የቀሩት ባክቴሪያዎች መድኃኒቱን ተቋቁመው ያለፉት ናቸው፤ በሚቀጥለው ጊዜ ያው መድኃኒት አይገድላቸውም። ፀረ አረም በግማሽ መጠን ተረጭቶ አረሙ ሲላመደው ያየ አርሶ አደር ይህን ለመረዳት አይቸገርም።

ሌላው የተለመደ ስሕተት ከሕክምና በኋላ በደም መመርመር ነው። የደም ምርመራው የሚያሳየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት በባክቴሪያው ላይ ያዘጋጀውን መከላከያ ነው፤ ይህም ባክቴሪያው ከጠፋ በኋላ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት በደም ውስጥ ይቆያል። በዚህ የተነሳ የዳነ ሰው «አሁንም አለብህ» እየተባለ ሁለተኛና ሦስተኛ ዙር አንቲባዮቲክ ይወስዳል። መዳንን የሚያረጋግጠው የሰገራ ምርመራ ወይም የትንፋሽ ምርመራ ነው። የሰገራው ምርመራ በብዙ የሕክምና ተቋማት የሚሰጥ ሲሆን፣ ውጤቱ እንዲታመን አንቲባዮቲኩ ካለቀ ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ ከቆሙ ደግሞ 2 ሳምንት ማለፍ አለበት። በመካከሉ ቃር ከበረታ የሚታኘክ ወይም የሚጠጣ አሲድ ማርከሻ መውሰድ ይቻላል።

አብሽና ተልባን በሚመለከት ጥያቄው ብዙ ነው። ሁለቱም ሲበጠበጡ የሚሰጡት ልሙጥ ፈሳሽ ለአንዳንድ ሰው ጨጓራውን ያቀዘቅዝለታል፤ መጠጣቱ ክፋት የለውም። ኤች ፓይሎሪን ግን አያጠፋም፤ የ14 ቀኑን መድኃኒትም አይተካም።

የአጨዳ ወቅት ኪኒን

ሁለተኛው የቁስለት ዋና መነሻ የሕመም ማስታገሻ ነው። በእርሻና በአጨዳ ወራት ወገብና ጉልበት ይታመማል፤ ዳይክሎፌናክ፣ ኢቡፕሮፌን፣ ኢንዶሜታሲን ወይም አስፕሪን ያለ ማዘዣ ይገዛና በባዶ ሆድ ይዋጣል። ቀኑ ይገፋል፤ ሥራውም ይሠራል። ሕመሙ በማግሥቱም ስላለ ኪኒኑ ይደገማል። ሳምንቱ ወር ይሆናል።

እነዚህ መድኃኒቶች ሕመምን የሚያስታግሱት በሰውነት ውስጥ የሚሠራ አንድ ኬሚካል እንዳይመረት በማድረግ ነው። ይኸው ኬሚካል ግን የጨጓራን ልባስ የሚያስጠብቅም ነው። ስለዚህ ወገቡ ሲሻለው ጨጓራው ይራቆታል። «ኪኒኑ ጨጓራዬን ስለሚያቃጥለው መርፌውን ልወጋ» የሚለው ሐሳብም አያዋጣም፤ መርፌው በደም በኩል ዞሮ ያንኑ ኬሚካል ያስቆማል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበው ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ሕመሙን ስለሚሸፍን፣ በተለይ በአረጋውያን ላይ፣ ቁስለቱ ምንም ሳያሳምም ቆይቶ በድንገት መድማቱ ነው። ኤች ፓይሎሪም ማስታገሻም ያለበት ሰው አደጋው ድርብ ነው፤ ሲጋራና አልኮል ሲጨመሩ ይበልጥ ይከፋል።

ጨጓራ ያለበት ሰው ለሕመም ማስታገሻ ፓራሲታሞልን ቢያስቀድም ይመረጣል። ጤነኛ አዋቂ ሰው በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ባለ 500 ሚሊ ግራም ኪኒን ማለፍ የለበትም፤ ጉበቱን የታመመ ወይም አልኮል የሚያዘወትር ሰው መጠኑን ከባለሙያ ጋር ተማክሮ መቀነስ ይገባዋል። ለመገጣጠሚያ ሕመም የግድ ሌላ ማስታገሻ የሚያስፈልገው ሰው ሐኪሙ ከኦሜፕራዞል ጋር ሊያዝለት ይችላል። ለልብ ወይም ለደም ሥር ሕመም አስፕሪን የታዘዘለት ሰው ግን ጨጓራውን ፈርቶ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

ቃርን መያዝ

ምግብ በሚወርድበት ቱቦና በጨጓራው መገናኛ ላይ እንደ መስኖ ቦይ መዝጊያ የሚሠራ የጡንቻ ቀለበት አለ። ምግብ ሲወርድ ይከፈታል፤ ከዚያ ይዘጋል። መዝጊያው ሲላላ ወይም ከሥር ያለው ግፊት ሲበዛ አሲዱ ወደ ላይ ይፈስሳል። ግፊቱን የሚጨምሩት ከልክ በላይ መብላት፣ ውፍረት፣ እርግዝናና የጠበቀ ቀበቶ ወይም መቀነት ናቸው። ሲጋራ፣ አልኮልና ቅባት የበዛበት ምግብ ደግሞ መዝጊያውን ያላሉታል። ቃሩ ሌሊት ላይ ሲበረታ ደረቅ ሳልና የጠዋት የድምፅ መጎርነን ያመጣል፤ ለጉንፋን እየተባለ ብዙ ሽሮፕ የሚጠጣለት ሳል አንዳንዴ ከዚህ የሚነሳ ነው።

እዚህ ላይ ከመድኃኒት በፊት የሚሠሩ፣ ገንዘብም የማይጠይቁ ነገሮች አሉ። እራት ከመኝታ በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀደም ብሎ ቢበላ ጨጓራው ሳይሞላ ይተኛል። የአልጋው የራስጌ እግሮች ሥር እንጨት ወይም ድንጋይ አስገብቶ ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍ ማድረግ አሲዱ ወደ ታች እንዲቀር ይረዳል። መደብ ላይ የሚተኛ ሰው ራስጌውን በጭቃ ቀስ በቀስ ወደ ላይ እንዲያዘነብል አድርጎ ሊያስተካክለው ይችላል። ትራስ መደራረብ ግን አንገትን አጥፎ ሆድን ስለሚጨምቅ የባሰ ያደርገዋል። በግራ ጎን መተኛትም ከቀኙ ይሻላል።

በመስክ ላይ ቃርን የሚያመጣው ከምሳ በኋላ ጎንበስ ማለት ነው። አረምና አጨዳ ቀኑን ሙሉ የሚያጎነብሱ ሥራዎች ናቸው፤ ሙሉ ሆድ ይዞ መታጠፍ ደግሞ ከረጢት ገልብጦ እንደመጭመቅ ነው። ቃር የሚያስቸግረው አርሶ አደር ምሳውን ከፋፍሎ ጥቂት ጥቂት ቢበላና ከምሳ በኋላ ያለውን ጊዜ ቆሞ ለሚሠራ ሥራ ቢያደርገው ልዩነቱን ያየዋል። ሁልጊዜ ይቻላል ማለት አይደለም፤ ዝናብ ሲያስፈራ የደረሰ ሰብል ቀጠሮ አይሰጥም።

ነፍሰ ጡሮች ላይ ቃር በጣም የተለመደ ሲሆን ብዙውን ጊዜ ከወሊድ በኋላ ይጠፋል። መድኃኒት ከመውሰዳቸው በፊት የእርግዝና ክትትል የሚያደርጉላቸውን ባለሙያዎች ያማክሩ።

ምን ይበላ? ጾሙስ?

በርበሬ ቁስለት አይፈጥርም። የተቆጣ ጨጓራን ግን ሊያሳምም ይችላል፤ ይህም ከሰው ሰው ይለያያል። አንዱን ቡና ሲያቃጥለው ሌላውን ቲማቲም፣ ሌላውን ደግሞ ጮማ ያስቸግረዋል። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ከመተው ለሁለት ሳምንት ያህል የተበላውንና የተሰማውን እየመዘገቡ የሚያስቸግረውን ብቻ መቀነስ ይበጃል። ጨጓራን ፈርተው ሽሮውንም ወጡንም ትተው በአጥሚትና በዳቦ ብቻ የሚኖሩ ሰዎች ይከሳሉ፤ ደምም ያንሳቸዋል፤ ባክቴሪያው ግን እንዳለ ነው።

እንጀራ «ኮምጣጣ ስለሆነ» መተው አለበት የሚሉ አሉ። የጨጓራ አሲድ ከማንኛውም የቦካ ሊጥ እጅግ የበለጠ ኃይለኛ ነው፤ በጣም የኮመጠጠው የማይስማማው ሰው ለጋውን እንጀራ መብላት ይችላል። ወተት ደግሞ ለጊዜው ያበርዳል፤ ቆይቶ ግን ጨጓራው ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጋል፤ እንደ መድኃኒት ሊታመኑበት አይገባም።

ጾም በራሱ የጨጓራ ቁስለት አያመጣም። በጾም ወራት ሕመሙ የሚብሰው አብዛኛውን ጊዜ በባዶ ሆድ በሚጠጣ ቡና፣ በባዶ ሆድ በሚዋጥ ማስታገሻና በአፈታቱ ነው። በፋሲካ ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ፣ ከ55 ቀን ጾም በኋላ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ በልቶ ወዲያው የሚተኛ ሰው ቃር ቢይዘው አይገርምም። በጥቂቱ ፈትቶ ቀሪውን ለቀን ማቆየት ይሻላል። የሚደማ ወይም ገና ያልዳነ ቁስለት ያለበት፣ በቀን ሁለት ጊዜ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጾሙን በሚመለከት ሐኪሙንና የሃይማኖት አባቱን ማማከር ይገባዋል። በረመዳን ወር የሚጾሙም መድኃኒታቸውን ከሱሑርና ከኢፍጣር ጋር ማስማማት የሚቻልበትን መንገድ ባለሙያውን ሊጠይቁ ይችላሉ።

መድኃኒቱ ለስንት ጊዜ?

ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ በአግባቡ የሚሠሩት ምግብ ከመበላቱ ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀደም ብለው ሲወሰዱ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ቁርስ የሚበላ ሰው 12 ሰዓት ከሩብ ላይ ቢውጠው መልካም ነው። እንክብሉን መክፈት ይቻል ይሆናል፤ በውስጡ ያሉትን ፍሬዎች ማኘክ ግን አይገባም። ለቃር ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 8 ሳምንት ይታዘዛል።

ለወራት ሲወሰድ ቆይቶ በአንድ ቀን ሲቆም አሲዱ ለጊዜው ከበፊቱ በልጦ ይመነጫል። ሰውዬውም «ያለዚህ መኖር አልችልም» ብሎ ወደ ኪኒኑ ይመለሳል። በዚህ ጊዜ መጠኑን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ በመካከሉም አሲድ ማርከሻ መጠቀም ያስችላል። የምግብ ቱቦው ክፉኛ የቆሰለ ወይም ማስታገሻ ሊተው የማይችል ሰው ለረጅም ጊዜ እንዲወስድ ሊታዘዝለት ይችላል፤ ይህ ስሕተት አይደለም። ሆኖም ለዓመታት የሚወስዱት ሰዎች የቫይታሚን ቢ12ና የማግኒዥየም እጥረት ሊያጋጥማቸው ስለሚችል በየጊዜው መታየት አለባቸው።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች

የቡና አተላ የመሰለ ወይም ደም ያለበት ትውከት፣ እንደ ሬንጅ የጠቆረና የሚጣበቅ ሰገራ፣ ድንገት ጀምሮ ሆድን እንደ ሰሌዳ የሚያደርቅ ከባድ ሕመም፣ ራስን መሳትና የልብ ምት መፍጠን የሚደማ ወይም የተበሳ ቁስለት ምልክቶች ናቸው። በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። የደም ማነስ ኪኒን የሚወስድ ሰው ሰገራው ሊጠቁር ይችላል፤ ነገር ግን መጣበቅና ክርፋት ካለው በኪኒኑ አያመካኝ። ደረትን አጥብቆ የሚይዝ፣ ወደ ክንድ ወይም መንጋጋ የሚሄድና የሚያስላብ ሕመም ደግሞ ቃር ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የልብ ሊሆን ይችላል።

ምግብ ሲዋጥ መያዝ፣ ያለ ምክንያት መክሳት፣ የማያቋርጥ ትውከት፣ መንስኤው ያልታወቀ የደም ማነስ፣ እንዲሁም ከ50 ዓመት ዕድሜ በኋላ አዲስ የጀመረ የጨጓራ ሕመም በካሜራ የሚደረገውን የጨጓራ ምርመራ፣ ኢንዶስኮፒን፣ ይጠይቃሉ። ይህ ምርመራ በሪፈራል ሆስፒታሎችና በአንዳንድ የግል ሕክምና ተቋማት ይሰጣል። የማኅበረሰብ ጤና መድኅን አባላት ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈራል ሰንሰለቱ ቢሄዱ ወጪያቸው ይሸፈንላቸዋል።

ወደ ጤና ጣቢያ ሲኬድ ከዚህ በፊት የተወሰዱትን መድኃኒቶች ማሸጊያ ወይም የማዘዣ ወረቀት፣ የቀድሞ የምርመራ ውጤትና ለሌላ ሕመም የሚወሰዱ ኪኒኖችን ሁሉ ይዞ መሄድ ያስፈልጋል። ከሱቅ ተገዝቶ ለወገብ ሕመም የተዋጠውም አብሮ ይነገር።